ሰርቬዩ ቀይ በቀይ ሆኖ ሲመጣ፦ በእንግሊዝ አሮጌ ቤት ሲገዙ ከኤክስቸንጅ በፊት ምን ይደረጋል

ኦፈሩ (ያቀረቡት ዋጋ) ተቀባይነት አግኝቷል፣ የሞርጌጅ ማመልከቻው ገብቷል፣ የግዢውን ሕጋዊ ሥራ የሚሠራው ጠበቃ፣ ሶሊሲተሩም፣ ሥራ ጀምሯል። ከዚያ የሰርቬይ (የቤት ምርመራ) ሪፖርቱ በኢሜይል ይመጣል፤ ሲከፍቱት ጣሪያው ቀይ፣ ግድግዳው ቀይ፣ ኤሌክትሪኩ ቀይ። ከመቶ ዓመት በላይ ለቆየ የለንደን ቤት ይህ የተለመደ ነው። እንዲያውም አንድም ቀይ የሌለበት ሪፖርት ቢመጣ ሰውዬው ቤቱን በደንብ አይቶታል ወይ ብሎ መጠራጠር ይሻላል።

ቀለሙን በልኩ እንረዳው። ሪክስ በሚባለው የሰርቬየሮች ማኅበር አሠራር 1 አረንጓዴ፣ 2 ቢጫ፣ 3 ቀይ ነው። ቀይ ማለት ጉዳቱ ከባድ ነው፣ ወይም ቶሎ መጠገን አለበት፣ ወይም ቶሎ መመርመር አለበት ማለት ነው፤ ስንት ያስወጣል የሚለውን አይነግርም። የተሰበረ አሸንዳ በሁለት መቶ ፓውንድ አካባቢ ሊስተካከል ይችላል፤ መሠረቱ የሰጠመ ቤት አስር ሺዎችን ይበላል፤ ሁለቱም ግን እኩል ቀይ ናቸው። ኤሌክትሪክና ጋዝ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀይ የሚሰጣቸው ሰርቬየሩ ስለማይፈትናቸውና የቅርብ ሰርተፊኬት ስላላየ ብቻ ነው። «ኤን አይ» የሚል ምልክት ካገኙ አልታየም ማለት ነው፤ ሰዎች የሚያልፉት ይህን ነው፣ ግን ከቀይ ባላነሰ ያሳስባል። ሰርቬየር የተነጠፈ ምንጣፍ አያነሳም፣ ቁምሳጥን አይገፋም፣ ግድግዳ አይከፍትም። ጣሪያ ሥር ያለው ክፍል በዕቃ ከታጨቀ አልገባበትም፤ የቤቱ ትልቅ ችግር እዚያው ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር አስቀድሞ ይጣራ። ባንኩ ያሠራው ቫሉዌሽን ሰርቬይ አይደለም፤ ቤቱ ለብድሩ ዋስትና መሆን አለመሆኑን ባንኩ ለራሱ የሚያይበት ነው። ለአሮጌ ቤት፣ በተለይ የውስጥ ግድግዳ ፈርሶ ለተነሳለት ወይም ጣሪያው ላይ ክፍል ለተጨመረለት፣ የሚያስፈልገው ሌቭል 3 የሚባለው፣ በጣም ዝርዝሩ ሰርቬይ ነው። ከእሱ የሚያንሰውን ሌቭል 2 አሠርተው ብዙ ጥያቄ ይዞ ከመጣ ሌላ ሙሉ ሰርቬይ ከማዘዝ ይልቅ ገንዘቡን ለጥያቄዎቹ መልስ ለሚሰጡ ባለሙያዎች ማዋል ይሻላል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው በእንግሊዝና በዌልስ ነው። እዚህ ኤክስቸንጅ፣ ማለትም የተፈረመውን የሽያጭ ውል መለዋወጥ፣ እስኪደረግ ድረስ ገዢም ሻጭም በሕግ አይታሰሩም። ዋጋ መቀነስም፣ ጥሎ መውጣትም ይቻላል፤ የሚከስሩት በዋናነት ለሶሊሲተርና ለሰርቬይ የወጣውን ነው። ስኮትላንድ ሥርዓቱ ሌላ ነው፤ እዚያ ሪፖርቱን የሚያሠራው ሻጩ ነው።

መጀመሪያ ስልክ ይደወል

ሪፖርቱን አንድ ጊዜ አንብበው ሰርቬየሩ ጋ ይደውሉ። ስልክ ብዙ ጊዜ የክፍያው አካል ነው፤ ብዙዎቹ ደስ እያላቸው ያወራሉ። በጽሑፍ ነገ ተከስሼ እንዳልጠየቅ ብሎ ለሁሉም ነገር «ልዩ ባለሙያ ያማክሩ» የሚለው ሰው፣ በአፍ ሲጠየቅ የቱ እንዳሳሰበውና የቱን ለወጉ እንደጻፈው ይለያል። ዝም ብሎ «ቤቱ ደህና ነው?» ማለት አይጠቅምም። ይልቅ፦ ከነዚህ ቀዮች ዋጋው የማይታወቅ የትኛው ነው? ስንጥቁ የቆየ ነው ወይስ አሁንም እየሰፋ ነው ብለው ያስባሉ? ያላዩት ቦታ ቢከፈት ምን ይገኛል ብለው ይፈራሉ? ባንኩ ወይም ኢንሹራንሱ እምቢ የሚልበት ነገር አለ? መልሱን ይጻፉት።

ከዚያ ነገሮቹን በሦስት ይክፈሉ። አንደኛው እርጅና ነው፦ ያረጀ መስኮት፣ ዘመኑ ያለፈበት ቦይለር፣ የተላጠ ቀለም። ይህ ቤቱን ሲያዩት ዋጋው ውስጥ የገባ ስለሆነ ሻጩ ጋ ይዘውት ቢሄዱ አይሰማዎትም። ሁለተኛው ጥገና የሚፈልግ ግን ዋጋው በአንድ ጉብኝት የሚታወቅ ነው፦ የኤሌክትሪክ መስመር፣ አሸንዳ፣ የጣሪያ ክዳን። ሦስተኛው ምን እንደሆነ ያልታወቀና ትልቅ ሊሆን የሚችል ነው፦ የግድግዳ መንቀሳቀስ፣ ምንጩ ያልታወቀ እርጥበት፣ ያለ ፈቃድ የተነሳ ግድግዳ። ከኤክስቸንጅ በፊት የምርመራ ገንዘብዎን በቅድሚያ ሦስተኛው ላይ ያውጡ።

ቤቱንም በኤጀንቱ፣ ማለትም ቤቱን በሚሸጠው ወኪል፣ በኩል ደግመው ይዩት፤ ከተገኘ ዝናብ እየዘነበ። ባትሪ፣ ሜትርና አንድ የአንድ ፓውንድ ሳንቲም ይያዙ።

ስንጥቅ

ሳንቲሙ ለስንጥቅ ነው። ውፍረቱ 2.8 ሚሊሜትር ነው። በጠርዙ ይዘው ስንጥቁ ውስጥ ለመክተት ይሞክሩ። ካልገባ፣ ስንጥቁም እንደ ፀጉር ከቀጠነ፣ አብዛኛውን ጊዜ የልስን መድረቅ ወይም የሙቀት ለውጥ ነው። ከገባ ቅርጹ ይታይ። ከመስኮት ወይም ከበር ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚሄድ፣ በጡቡ መጋጠሚያ ደረጃ በደረጃ የሚወጣ፣ አንዱ ጫፍ ከሌላው የሰፋ፣ ከውስጥም ከውጭም በአንድ ቦታ የሚታይ ስንጥቅ የመሠረት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። በሩ ከመቃኑ ጋር አልገጥም ካለና በላዩ ያለው ክፍተት በአንድ በኩል ሰፍቶ በሌላው ከጠበበ ምልክቱ ይጠነክራል።

መሐንዲሶች የሚጠቀሙበት መለኪያ እንዲህ ነው፦ እስከ 1 ሚሊሜትር እጅግ ቀላል፣ እስከ 5 ቀላል፣ ከ5 እስከ 15 መካከለኛ፣ ከ15 እስከ 25 ከባድ፣ ከ25 በላይ እጅግ ከባድ። እስከ 5 ያለው ተሞልቶ ቀለም የሚቀባ ነው፤ ግን ስፋት ብቻውን አይበቃም። መቶ ዓመት የቆየ 6 ሚሊሜትር ስንጥቅ ውስጡ ቆሻሻና የድሮ ቀለም ካለበት፣ ባለፈው ክረምት ከተከፈተ ንጹሕ 3 ሚሊሜትር ይልቅ አያስፈራም። በቅርቡ ተሞልቶ እንደገና የተከፈተ ስንጥቅ ግን ይናገራል። አንድ ክፍል ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ለምን እንደሆነ ይጠይቁ።

ለንደን አብዛኛው አፈር ዋልካ ነው፤ በበጋ ደርቆ ይሰበሰባል፣ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። የቪክቶሪያ ዘመን ቤቶች መሠረታቸው ጥልቀት የለውም፤ ስለዚህ እንደ 1976፣ 2018 እና 2022 ያለ ደረቅ በጋ በመጣ ቁጥር የመስጠም ጉዳት ይበዛል። ውሃ የሚስቡ ዛፎች፣ በተለይ ኦክ፣ ፖፕላርና ዊሎ፣ ያባብሱታል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዛፉን ልቁረጠው ሲል ነው። ለዓመታት የደረቀ አፈር ዛፉ ሲነሳ መልሶ ያብጥና ቤቱን ወደ ላይ ይገፋዋል። መሐንዲስ ሳያይ አይቆረጥ፤ የካውንስል (የአካባቢው አስተዳደር) ጥበቃ ያለው ዛፍ ከሆነ ደግሞ መቁረጡ ራሱ ወንጀል ነው።

ሌሎች ሁለት ምንጮች አሉ፣ ሁለቱም ከመስጠም ይረክሳሉ። አንዱ የተሰበረ የፍሳሽ ቱቦ ነው፤ የሚያፈሰው ውሃ ከመሠረቱ ሥር ያለውን አፈር ያጥበዋል ወይም ያላላዋል። ቱቦው በካሜራ ይታያል፤ ዋጋው ብዙ ጊዜ ከ150 እስከ 300 ፓውንድ ባለው ውስጥ ነው፣ ሥራው የግማሽ ቀን ነው። ሌላው ወደ ፊት ወጥቶ የተሠራው የሳሎን መስኮት፣ ቤይ የሚባለው ነው። ቤይ መሠረቱ ከዋናው ቤት ያነሰ ስለሚሆን ከቤቱ ሊላቀቅ ይችላል። በዚያ ላይ የድሮው የእንጨት ክፈፍ የላይኛውን ክብደት ይሸከም ነበር፤ ወጥቶ የፕላስቲክ መስኮት ያለ በቂ ድጋፍ ሲገባ ከላይ ያለው ጡብ ዝቅ ይላል። በመስኮቱ ላይ የታጠፈ ወይም ያዘነበለ የጡብ ረድፍ ካዩ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

የሚጠራው ሰው ቻርተርድ ስትራክቸራል ኢንጂነር፣ ማለትም በሙያ ማኅበሩ የተመሰከረለት የሕንፃ መዋቅር መሐንዲስ ነው፤ ግንበኛ አይደለም፣ ጥገናውን የሚሸጥ ድርጅትም አይደለም። ለአንድ ችግር ብቻ ለሚደረግ ጉብኝትና ሪፖርት ብዙ ጊዜ ከ500 እስከ 1,000 ፓውንድ ይጠየቃል። ከመቅጠርዎ በፊት ሪፖርቱ አራት ነገር እንዲመልስ በጽሑፍ ይስማሙ፦ ምክንያቱ ምንድን ነው፣ እንቅስቃሴው ቆሟል ወይስ ቀጥሏል፣ ምን ሥራ ያስፈልጋል፣ ግምቱስ ስንት ነው። «ክትትል ያስፈልገዋል» ብሎ ከተመለሰ አስቸጋሪ ነው፤ አፈሩ በበጋና በክረምት ስለሚለያይ ክትትል እስከ አንድ ዓመት ሊወስድ ይችላል። ያን ጊዜ ሻጩ በራሱ ኢንሹራንስ ክሌም (የካሳ ጥያቄ) እንዲከፍትና ክሌሙ ወደ እርስዎ እንዲዛወር በሶሊሲተር በኩል መጠየቅ ይቻላል፤ ሻጩ ካልፈቀደ ቤቱን መተው ይሻላል።

ቀድሞ ሰጥሞ የተጠገነ ቤትስ? የሥራው ሰነድና መሐንዲሱ የፈረመበት የመዋቅር ብቃት ሰርተፊኬት ካለ መግዛት ይቻላል። የአሁኑ ኢንሹራንስ ሽፋኑን ለአዲሱ ባለቤት ይቀጥል እንደሆነ ግን አስቀድሞ ይጠየቅ፤ ታሪክ ያለው ቤት ላይ ሌሎች ድርጅቶች ዋጋ ያስወድዳሉ ወይም እምቢ ይላሉ።

እርጥበት

ገንዘብ በከንቱ የሚፈስበት ይህ ነው። ሰርቬየሩ በእጅ የሚያዝ መለኪያ ግድግዳው ላይ ያስጠጋል፣ መለኪያው ይጮሃል፣ ሪፖርቱ «ከፍተኛ እርጥበት፤ የዘርፉ ድርጅት ይመርምረው» ይላል። ድርጅቱ በነጻ መጥቶ ያያል። በነጻ የሚያይ ሰው ገንዘቡን የሚያገኘው ከሚሸጠው ሥራ ነው፤ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ግድግዳውን በስቶ ኬሚካል መርፌ መስጠት፣ ልስኑን እስከ አንድ ሜትር ፍቆ ውሃ በማያስገባ ሲሚንቶ መምረግ ነው፤ ሂሳቡም ሺዎች ይሆናል።

መለኪያው ራሱ ለእንጨት የተሠራ ነው። እንጨት ላይ የሚያሳየው መቶኛ ትርጉም አለው፤ ጡብና ልስን ላይ ግን ቁጥሩ ማነጻጸሪያ ብቻ ነው። ጨው ያለበት የድሮ ልስን ቢደርቅም ያስጮኸዋል፣ ከኋላው የብረት ፎይል ያለበት የግድግዳ ወረቀትም ያስጮኸዋል።

ግድግዳውን ይወቁት። ከውጭ ጡቡን ሲያዩ በአንድ ረድፍ ረጅምና አጭር ጡብ ከተፈራረቁ ግድግዳው ወፍራምና ክፍተት የሌለው ነው፤ ሁሉም ረጅም ከሆነ ብዙ ጊዜ በመካከሉ ክፍተት ያለው፣ ከ1920ዎቹ ወዲህ የተለመደው ዓይነት ነው። ወፍራሙ ግድግዳ የተሠራው በኖራ ነው። ዝናብ ይጠጣል፣ ሲያባራ በመጋጠሚያዎቹ ይተነፍሳል። አንድ ሰው መጥቶ መጋጠሚያውን በሲሚንቶ ሲሞላው ወይም ከውጭ በሲሚንቶ ሲለስነው ውሃው በትንሽ ስንጥቅ ይገባል፣ መውጫ ግን ያጣል። ጭቃ ቤት በሲሚንቶ ተለስኖ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፦ ለሁለት ዓመት ያምራል፣ ከዚያ ልስኑ እየተላቀቀ ይወድቃል፣ ከሥሩ ያለው እንጨትም በስብሶ ይገኛል።

ስለዚህ ማንም ሳይጠራ በፊት ቤቱን ከውጭ ይዙሩት። እርጥበቱ ከታየበት ግድግዳ ጀርባ ምን አለ? ከጣሪያ ወደ ታች የሚወርደውን ቱቦ ይዩ፤ ከብረት የተሠራው የድሮ ቱቦ የሚዝገው ግድግዳውን በሚያየው ጀርባው በኩል ስለሆነ እጅዎን ከኋላ ሰደው ይዳስሱት፤ ጡቡ ላይ ወደ ታች የሚወርድ አረንጓዴ መስመር ካለ ምንጩ ተገኘ። ከዚያ መሬቱን ይለኩ። ግድግዳው ውስጥ ከታች ውሃ የሚያግድ ንጣፍ አለ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በተሠሩ ቤቶች ብዙ ጊዜ ስስ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ከውጭ ወፈር ያለ የመጋጠሚያ መስመር ሆኖ ይታያል። የውጭው መሬት ከዚያ መስመር ቢያንስ 150 ሚሊሜትር ዝቅ ማለት አለበት። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ በላይ በላዩ የተነጠፈ ግቢ መስመሩን ቀብሮት ያገኙታል። መድኃኒቱ መርፌ ሳይሆን አካፋ ነው፤ መሬቱን ዝቅ ማድረግ ወይም በግድግዳው ዙሪያ ጠጠር የተሞላ ቦይ መቆፈር።

ከመሬት ትንሽ ከፍ ብለው ያሉት ቀዳዳማ ጡቦች ከእንጨት ወለል ሥር አየር የሚያስገቡ ናቸው። በአፈር ወይም በንጣፍ ከተደፈኑ ወለሉን የተሸከሙት እንጨቶች ይበሰብሳሉ። በባትሪ ያብሩባቸው። ውስጥ ደግሞ ግድግዳው አጠገብ ተረከዝዎን አንስተው በኃይል ያሳርፉ፤ ወለሉ ከረገበ ወይም ከዘለለ ለሰርቬየሩ ይንገሩ። እንጨት የሚበሰብሰው እርጥበቱ ከ20 በመቶ በላይ ሲቆይ ነው፤ ከታች ያለው የግድግዳ ጠርዝ እንጨት 14 ወይም 15 ካሳየ ግድግዳው ቢጮህም ወለሉ ያለው ዕድል ደህና ነው። የሚያስፈራው ደረቅ ብስባሴ የሚባለው ፈንገስ ነው፦ እንጨቱን በአራት ማዕዘን ይሰነጣጥቀዋል፣ የዛገ ብረት የሚመስል ቀይ ብናኝ ይተዋል፣ ግራጫ ክሮቹ በጡብ ውስጥ አልፈው ወደ ሌላ ክፍል ይሄዳሉ። ይህ ከተጠረጠረ ወለሉ ሳይከፈት ኤክስቸንጅ አይደረግ።

ጥቁር ሻጋታ በማዕዘን፣ ከቁምሳጥን ጀርባና በመስኮት ዙሪያ ብቻ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ የቤት ውስጥ እንፋሎት ነው። ልብስ ውስጥ የሚሰጣ፣ ወጥ ቀኑን ሙሉ የሚንተከተክበት፣ መስኮት የማይከፈትበት ቤት ያላብበዋል። ደህና የሚስብ የአየር ማውጫ ኩሽናና መታጠቢያ ቤት ውስጥ ማስገባት ጥቂት መቶ ፓውንድ ነው።

ዞረው ምንጩ ካልተገኘ፣ ምንም የማይሸጥ ገለልተኛ የእርጥበት ሰርቬየር ይቅጠሩ፤ ጥቂት መቶ ፓውንድ ይወስዳል። በ2022 ሪክስ፣ የቅርስ ሕንፃዎችን የሚጠብቀው ሂስቶሪክ ኢንግላንድና የእርጥበት ድርጅቶቹ ማኅበር ራሱ በጋራ ባወጡት መግለጫ ለአሮጌ ቤት ከማከም በፊት ምክንያቱን መለየት እንደሚያስፈልግ ተስማምተዋል። ባንኩ «የእርጥበት ሪፖርት አምጡ» ብሎ ከጠየቀ የገለልተኛውን ይቀበል እንደሆነ ሞርጌጁን ያገናኘዎት ብሮከር ይጠይቅልዎት።

የተነሳ ግድግዳና የተቆረጠ ጭስ መውጫ

አሮጌ ቤት ውስጥ ሰው የሚሞትበት ነገር ካለ ይህ ነው፤ ሪፖርቱ ላይ ግን አንድ አረፍተ ነገር ብቻ ይሆናል። የቀድሞ ባለቤት ሳሎን ለማስፋት ምድጃውን ከነግንቡ ያፈርሳል፣ ከላይ ፎቅ ያለውንና በጣሪያው ሥር ያለውን የጭስ መውጫ ግንብ ግን እንዳለ ይተወዋል። የተንጠለጠለው ጡብ በቶን የሚቆጠር ነው። በጣሪያው ሥር ገብተው ያብሩ፦ ግንቡ በምን ላይ ተቀምጧል? የብረት ምሰሶ ከታየ ጥሩ። ሁለት ሦስት እንጨት ብቻ ካለ፣ ወይም ምንም ካልታየ፣ መሐንዲስ ይምጣ። ሁለት ክፍል አንድ የተደረገበት ሳሎንም እንዲሁ ነው፦ ከላይ ያለውን ግድግዳ የተሸከመው ምንድን ነው?

ሶሊሲተሩ የካውንስሉን የሕንፃ ቁጥጥር ማጠናቀቂያ ሰርተፊኬት ይጠይቃል። የለም ከተባለ የሻጩ ጠበቃ ወዲያው «ኢንዴምኒቲ ኢንሹራንስ እንገዛለን» ይላል፤ ዋጋው ትንሽ ስለሆነ ሁሉም ይስማማል። ይህ ፖሊሲ የሚሸፍነው ካውንስሉ ሥራውን አፍርሱ ብሎ ቢመጣ ያለውን ወጪ ነው፤ ግድግዳው ቢወርድ አይከፍልም። ሌላም ወጥመድ አለው፦ ስለ ሥራው ለካውንስሉ ከተደወለ ፖሊሲው ብዙ ጊዜ አይሸጥም፣ የተሸጠም ሊፈርስ ይችላል። ስለዚህ ከሶሊሲተሩ ጋር ሳይነጋገሩ ካውንስል አይደውሉ። ወረቀት ከሚገዙ መሐንዲስ አሳይተው ድጋፉ እንዳለ ማረጋገጥ ይሻላል። ከኅዳር 1985 ወዲህ የተሠራ ሥራ ከሆነ ካውንስሉ ኋላ ላይ መርምሮ የማጽደቂያ ሰርተፊኬት ሊሰጥ ይችላል፤ ይህን ማመልከት የሻጩ ሥራ ነው፣ ጊዜም ይወስዳል።

ቶሎ ቶሎ የሚታለፉ

ኤሌክትሪክ፦ ኢ አይ ሲ አር የሚባለውን ምርመራ በተመዘገበ ኤሌክትሪሺያን ያሠሩ። ሲ 1 አሁኑኑ አደገኛ፣ ሲ 2 አደጋ ሊያመጣ የሚችል፣ ሲ 3 ቢሻሻል ጥሩ ማለት ነው። ሲ 3 ብቻ ያለበት ቤት አልፏል፤ በሱ ዋጋ አይቀነስም። በጎማ ወይም በጨርቅ የተሸፈነ ሽቦ ከተገኘ ግን ሙሉው መስመር ይቀየራል፤ ባለሦስት መኝታ ቤት ላይ ብዙ ሺህ ፓውንድ ነው፣ ልስኑም ይቆፈራል። ስለዚህ ከመግባት በፊት የሚሠራ ሥራ ነው።

ጣሪያ፦ ስሱ ጥቁር ድንጋይ ተነስቶ በከባድ የኮንክሪት ክዳን ከተተካ ወራጆቹ ሳይጠናከሩ ይጎብጣሉ፣ ግድግዳውንም ወደ ውጭ ይገፉታል። ከመንገድ ማዶ ቆመው ጣሪያው መሃሉ የረገበ መሆኑን ይዩ። ጣሪያው ከውስጥ በሚነፋ አረፋ ከተሸፈነ ብዙ ባንኮች አያበድሩም፤ በግዢው ከመቀጠልዎ በፊት ብሮከሩን ይጠይቁ።

ነቀዝ፦ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ቀዳዳ ያለበት እንጨት በአሮጌ ቤት የተለመደ ነው፣ ብዙው የሞተ ነው። ከቀዳዳው ሥር አዲስ ነጣ ያለ ዱቄት ካለ ብቻ ሕያው ነው።

አስቤስቶስ በእንግሊዝ ሙሉ በሙሉ የታገደው በ1999 ነው። የጋራዥ ጣሪያ ወይም ሸካራ ኮርኒስ ውስጥ ካለና ካልተሰበረ እንዳለ ይቀመጣል፤ ከመብሳት ወይም ከመፋቅ በፊት ናሙናው ይመርመር። የእርሳስ የውሃ ቱቦ ከ1970 በፊት በተሠሩ ቤቶች ይገኛል፤ ግራጫና ለስላሳ ነው፣ በሳንቲም ሲፋቅ ያበራል። ሕፃን ካለ ከመግባት በፊት ይቀየር። ጃፓኒዝ ኖትዊድ የሚባለው አረም ካለ ሻጩ ቲ ኤ 6 በሚባለው ቅጽ ላይ መመለስ አለበት፤ የሚፈለገው በኢንሹራንስ የተደገፈ፣ ብዙ ጊዜ የ10 ዓመት ዋስትና ያለው የማጥፊያ ውል ነው።

የሚገዙት ፍላት ከሆነ ጣሪያውና ግድግዳው የሕንፃው ባለቤት ሥራ ነው፤ ሂሳቡ ግን ወደ እርስዎ ይመጣል። አንድን የፍላት ባለቤት ከ250 ፓውንድ በላይ የሚያስከፍል ጥገና ሲታሰብ ሴክሽን 20 የሚባል ማስታወቂያ ይላካል፤ የተላከ ወይም የታቀደ ካለ ሶሊሲተሩ ይጠይቅ፣ ማን እንደሚከፍለውም ውሉ ውስጥ ይግባ።

ወደ ገንዘቡ

በስሜት ሳይሆን በወረቀት ይከራከሩ። ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ክፍል ነገሮች የጽሑፍ ዋጋ ያምጡ፤ 20 በመቶ ቫት የተካተተበት መሆኑን ይዩ፣ ከ15 እስከ 20 በመቶ መጠባበቂያ ይጨምሩ። ለኤጀንቱ ሙሉውን ሪፖርት አይላኩ፤ የሚመለከተውን ገጽና ዋጋውን ብቻ ይላኩ። ሙሉውን ከላኩ ሻጩ ትንንሾቹን እያነሳ ትልቁን ያድበሰብሳል። «መሐንዲሱ ለጭስ መውጫው ድጋፍ ይህን ያህል፣ ኤሌክትሪሺያኑ ይህን ያህል ገምተዋል፤ ኦፈሬን በዚህ ልክ ላስተካክል» ማለት በቂ ነው። ለአረጀ ቦይለር የሚለመን ቅናሽ የዋናውን ጥያቄ ክብደት ይቀንሰዋል።

ሻጩ «እኔ አስጠግኜ እሰጥዎታለሁ» ቢል አይቀበሉ፤ ለቆ የሚሄድ ሰው የሚቀጥረው ርካሹን ነው።

ብዙ ሰው የማያሰላው ይህን ነው። ዋጋው ከ400,000 ወደ 390,000 ወረደልዎት እንበል፤ ሞርጌጁ 90 በመቶ ነው። ብድሩ በ9,000 ይቀንሳል፣ ከኪስዎ የሚወጣው ዲፖዚት በ1,000 ብቻ ይቀንሳል። ለጥገናው የሚሆን 10,000 ጥሬ ገንዘብ በእጅዎ አልገባም። ብድሩን 360,000 ላይ ልተወው ቢሉ ደግሞ ከዋጋው 92 በመቶ ስለሚሆን ወደሚቀጥለው የወለድ እርከን ይገፋዎታል፣ ማመልከቻውም እንደገና ይታያል። ስለዚህ የጥገናው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ከመስማማት በፊት ይወሰን። እቁብ የሚወጣልዎት ከሆነ ለዲፖዚት ሳይሆን ለጥገና ቢያቆዩት ይቀላል፤ የዲፖዚቱን ምንጭ ሶሊሲተሩ በማስረጃ ይጠይቃል፣ እቁብን በባንክ ስቴትመንት ማስረዳት ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የዋጋ ለውጡን ለባንኩ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ባንኩ ራሱ ጥገናው እስኪሠራ ከብድሩ ቀንሶ ሊይዝ ይችላል፤ ያን ጊዜ ያን ያህል ጥሬ ገንዘብ በመዝጊያው ቀን ከእርስዎ ይጠበቃል።

ኤጀንቱ «ሌላ ገዢ እየጠበቀ ነው» ሊል ይችላል። ሌላውም ገዢ ሰርቬይ ያሠራል፣ ያንኑ ስንጥቅ ያገኛል።

ጥለው የሚወጡት መቼ ነው? ኢንሹራንስ የሚሰጥ ሲጠፋ፣ ባንክ እምቢ ሲል፣ ሻጩ መሐንዲስ እንዳይገባ ወይም አንድ የወለል ጣውላ እንዳይነሳ ሲከለክል፣ ወይም እንቅስቃሴው እየቀጠለ ዋጋው አልቀንስም ሲባል። እስካሁን ሁለት ሦስት ሺህ አውጥቻለሁ ብሎ ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት የበለጠ ያስከፍላል።

የሚገዙ ከሆነ ኤክስቸንጅ ከመደረጉ በፊት የሕንፃ ኢንሹራንሱ ዋጋ በእጅ ይኑር፤ ብዙ ጊዜ በውሉ መሠረት ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ቢቃጠል ኃላፊነቱ የእርስዎ ነው። ማመልከቻው ላይ «ስንጥቅ ወይም የመስጠም ታሪክ አለ?» የሚለውን ሰርቬዩ እንዳለው ይሙሉ። ሪፖርቱ በእጅዎ እያለ «የለም» ካሉ ኋላ ክሌም ሲመጣ ድርጅቱ መጀመሪያ የሚጠይቀው ያንኑ ሪፖርት ነው።